«ለእንግዳ አይሆንም» የተባለው ቡና

ሰው ከቤቱ ርቆ ሲጓዝ ከሕዋሳቱ ሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው ምላሱ ነው። ዓይን አዲስ ያየውን ቶሎ ይለምዳል፤ ጆሮም የማያውቀውን ቋንቋ እንደ ዜማ ቈጥሮ ያሳልፈዋል። ምላስ ግን በልጅነቱ ከእናቱ እጅ የተማረውን ይዞ የሚኖር ግትር ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ያልለመደው ምግብ በቀረበለት ጊዜ ምስክር ሳይሰማ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኔም ባለፈው ኅዳር ወደ ጅማና በዙሪያዋ ወዳሉት የቡና ከተሞች ተጕዤ ሳለሁ፣ ይህ ችኩል ዳኛ አጋሮ ላይ እንዴት እንዳሳፈረኝ ለአንባቢዎች ባጫውት ከጥቅም አይጎድልም ብዬ አምናለሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ካነበበው ይበልጥ ያወቀ ይመስለዋልና፣ እኔም ስለ ቡና የሚነገረኝ አዲስ ነገር ይኖራል ብዬ አልጠረጠርሁም ነበር።

ወደ ጅማ

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወልቂጤን አልፈው ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርዱ ወበቁ ፊትን ይገርፋል፤ ወንዙን ተሻግረው ወደ ሶኮሩ ሲወጡ ግን አየሩ ይለዝባል፣ ምድሩም እየለመለመ ይሄዳል። ጅማ ሲቃረብ በየደጁ የቡና ዛፍ ይታያል። ኅዳር የለቀማ ወራት ስለ ሆነ ቀዩ እሸት ቡና ከቅጠሉ መካከል እንደ ዶቃ ያበራል፤ በየግቢውም ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይመታዋል።

ከተማዪቱ የቆየ ታሪክ አላት። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ድረስ የጅማ ንጉሥ ነበሩ። በ1882 እ.ኤ.አ. ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ ገብረው፣ ግብራቸውን በጊዜው እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን በብልሃት ጠብቀው ኖረዋል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ከኮረብታው ሥር የነበረው የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ሲቆም፣ ከሩቅ አገር የመጡ ነጋዴዎች ቡና፣ ማርና የዝባድ ሽቶ ሲሸምቱበት ይውሉ ነበር። በኋላም ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ ሰፋፊ መንገዶችና ሕንፃዎች ሠራባት። ማኪያቶም ስሙ እንደሚመሰክረው የጣሊያን ቅርስ ነው።

ይህን የማኪያቶ ነገር በአእምሮዎ ያኑሩልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የዛፉ ጠባቂዎች

ከጅማ ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አጋሮ ትገኛለች፤ የጎማ ወረዳ ከተማ ናት። ጮጬ የሚባለውም ቀበሌ በዚያው ወረዳ ውስጥ ነው። የአካባቢው ሰው «ቡና የተገኘው እዚህ ነው» ብሎ በኩራት ይናገራል። ከፋዎች ደግሞ በበኩላቸው ማንኪራ የሚባለውን ደናቸውን ያሳያሉ። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲዘሉ አይቶ ቡናን ስላገኘው እረኛ የሚነገረውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህን የመሰለውን ታሪክ በጽሑፍ ካወጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ በ1671 እ.ኤ.አ. ሮማ ላይ ያሳተመው ፋውስቱስ ናይሮን ነው፤ በእርሱ መጽሐፍ ውስጥ ግን ካልዲ የሚባል ስም አይገኝም። ስሙ የኋላ ዘመን ተጨማሪ ነው።

ተረቱን ለጊዜው ትተን ወደ ሳይንሱ ብንሄድ፣ የስዊድኑ ሊቅ ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዛፍ ስም ሲያወጣለት «ኮፌያ አራቢካ» አለው፤ አረባዊ ማለቱ ነው። ቡና ወደ አውሮፓ የደረሰው በየመን ወደቦች በኩል ስለ ነበረ በሩን እንደ እናት ቤት ቈጠረው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘር ጥናት ግን የአራቢካ ቡና ሁለት ሌሎች የቡና ዓይነቶች ተዳቅለው፣ ከ600,000 ዓመት ገደማ በፊት በኢትዮጵያ ደን ውስጥ መወለዱን ያመለክታል።

ጮጬ ላይ የቡና ዝርያዎች በሕይወት ሳሉ የሚጠበቁበት የመስክ ባንክ አለ። ከልዩ ልዩ አውራጃ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የቡና ዓይነቶች በረድፍ በረድፍ ተተክለው ይጠበቃሉ። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከልም በ1971 እ.ኤ.አ. በአገራችን የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ገበሬውን ባስጨነቀው ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አውጥቷል። እኔም በዚያን ዕለት ጧት የጮጬን ዛፎች አይቼ ስመለስ፣ «እንግዲህ ለቡናችን ጠባቂ አለው» ብዬ ደስ እያለኝ ነበር።

ከመጋረጃው ወዲያ

ቀትር ላይ አጋሮ ስደርስ ርቦኝ ስለ ነበረ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ገባሁ። ቤቲቱ ከአራት ጠረጴዛ የማትበልጥ ናት። መቀመጫዎቹ ከአንድ ግንድ የተጠረቡ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች ናቸው። ከመደርደሪያው ላይ የቡና ማሽን ተቀምጧል፤ ከግድግዳው ላይ የዋጋ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ወደ ጓዳ የሚያስገባው በር ደግሞ በሰማያዊ መጋረጃ ተጋርዷል። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ያህል ልጅ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ብትለኝ፣ እንደ አዲስ አበባ ልማዴ ማኪያቶና ፓስቲ አዘዝሁ። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ የቡና አገር መጥቼ ያዘዝሁት ከሰፈሬ ቡና ቤት የማገኘውን ነው።

ማኪያቶውን እየጠጣሁ ሳለ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሽታ መጣ። ቡና ሲቆላ ያለው ሽታ ነው እንዳልል ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ቅቤ ሲነጠር ነው እንዳልል ቡናው ይበረታበታል። ልጅቱን ጠርቼ «ምን እየተሠራ ነው?» ብላት አፈር ብላ «የቤት ነው» አለችኝ። ደግሜ ስጠይቃት መጋረጃው ገለጥ አለና ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ብቅ አሉ። የቤቱ ባለቤት፣ የልጅቱም አያት ናቸው።

«እማማ፣ ሽታው አላስቀምጥ አለኝ፤ ብቀምሰው ይቻላል?» አልኋቸው።

«ለእንግዳ አይሆንም፣ ልጄ» አሉኝ። «የገጠር ሰው ምግብ ነው። አንተ ከአዲስ አበባ የመጣህ ሰው ነህ፤ ሆድህን ያምህና ታማርረኛለህ።»

አላማርርም ብዬ ብማጠናቸው ጥቂት ካመነቱ በኋላ ወደ ጓዳ አስገቡኝ። በዚያም አንድ ጎረቤታቸው የሆኑ ሽማግሌና ሁለት ሴቶች እሳቱን ከበው ተቀምጠዋል። ብረት ምጣዱ ላይ ጀንፈል ቡና፣ ማለት ከነቅርፊቱ የደረቀው ፍሬ፣ በቅቤ ይጠበሳል። እማማ አሠራሩን አስረዱኝ። ፍሬው አንድ በአንድ ጫፉ በጥርስ ይነከሳል፤ በተነከሰው በኩል ቅቤው ይገባል። እሳት ሲነካው እየፈነዳ ይንጣጣል፤ ከዚያ ጨው ይነሰነስበታል። አንዳንዱ ሰው የተቆላ ገብስ ይጨምርበታል። ስሙ በአፋን ኦሮሞ «ቡና ቀላ» ይባላል። «ቀሉ» ማለት ማረድ ነው፤ እንግዲህ ቡናው እንደ ከብት ታርዶ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው ማለት ነው። ልጅ ሲወለድ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ የተጣላ ሲታረቅ ይቀርባል።

ከእንጨት በተጠረበ ገበቴ ተደርጎ ሲቀርብ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ልጆች፣ ስለማያውቁኝም ስለ እኔ መንገድ ለመኑ። ሁላችንም «አሚን» አልን። ከዚያ በኋላ ጥቂት ፍሬዎች በእጄ ሰጡኝ።

እውነቱን ልናገር። ፍሬውን አኝኬ ምሬቱ፣ ጨውና ቅቤው በአንድነት ምላሴ ላይ በፈሰሰ ጊዜ ፊቴ ሳላዝዘው ጭምድድ አለ። ወዲያው ለማቅናት ብሞክርም ጊዜው አልፎ ነበር። እማማ አይተውኛል። ምንም አላሉም፤ ገበቴውን ብቻ ቀስ ብለው ከፊቴ አራቁና በምትኩ የበቆሎ ገንፎ አቀረቡልኝ። ቅቤና በርበሬ መካከሉ ላይ ተደርጎበታል። ከአጠገቡም በጠርሙስ ብርዝ አለ፤ ማር በውኃ የተበጠበጠ፣ የማያሰክር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚጠጣው ነው። እኔም ያሳፈርኋቸውን ለመካስ ገንፎውን እየጠቀለልሁ «ይህማ የአገራችን ምግብ ነው!» እያልሁ አመሰገንሁ።

ማነው ባዕዱ?

ይህን ብዬ ሳልጨርስ የተናገርሁት ነገር እኔኑ ወጋኝ። ለመሆኑ «የአገራችን ምግብ» ያልሁት የትኛውን ነው? በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካ ምድር በርበሬን የቀመሰ ሰው አልነበረም። በቆሎም እንዲሁ ነው፤ «የባሕር ማሽላ» የሚለው የቆየ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ከቀረበልኝ ገበታ ውስጥ በአንድ ጧት መንገድ ርቀት የተወለደው ቡናው ነበር። ምላሴም ባዕድ ነው ብሎ የፈረደበት ይህንኑ የቤት ልጅ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ማለት እንዲህ ያለው ነው።

የተፈጥሮ ነገር ሆኖ እንግዳ ምላስ በአገራችን ሲሳሳት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ በ1540 ሊዝቦን ላይ ታትሟል። ጥሬ ሥጋ በሐሞት ተለውሶ ሲቀርብ እርሱና ጓደኞቹ እንደ ተጸየፉት ይተርካል። እኛ ይህን ስናነብ እንስቃለን፤ «ምስኪን ፈረንጅ፣ ቁርጥ አያውቅም» እንላለን። እኔ አጋሮ ላይ ያደረግሁት ከእርሱ በምን ይሻላል? እርሱስ ከሩቅ አገር መጥቷል፤ እኔ የመጣሁት የአንድ ቀን መንገድ ከማይሞላ ቦታ ነው።

ከአልቫሬስ ከሁለት መቶ አምሳ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በተሻለ ዓይን አየ። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ዘማቾች ቡና ተቆልቶና ተፈጭቶ ከቅቤ ጋራ ተለውሶ፣ እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚጓዙ ጽፏል። ከእንጀራና ከሥጋ ይልቅ አንዱ ድብልብል ቀኑን ሙሉ ያበረታቸዋል ሲል ይመሰክራል። እንግዲህ የዛሬው ዓለም በፋብሪካ እያሸገ የሚሸጠውን የመንገደኛ ስንቅ እነዚያ ሰዎች በከረጢታቸው ይዘውት ኖሯል።

ዛፉ ራሱ ያደረገው ጉዞም ያስገርማል። ቡና ከየመን ወደ ጃቫ፣ ከጃቫ ወደ አምስተርዳም፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ደሴቶች ተወሰደ። ወደ ብራዚል ያስገባው በ1727 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስኮ ዴ ሜሎ ፓሌታ የሚባል የፖርቱጋል መኮንን እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ ከዓለም ብዙ ቡና የምታመርተው ብራዚል ናት። በርበሬው ከአሜሪካ ወደ እኛ መጣ፤ ቡናችን ከእኛ ወደ አሜሪካ ሄደ። ዕፅዋት እንዲህ ቤት ሲቀያየሩ የሰው ልጅ ግን በገዛ አገሩ ለገዛ ገበታው እንግዳ ሆኖ ይገኛል።

መጋረጃው ለምን ተሰቀለ?

ገንፎውን ከጨረስሁ በኋላ ድፍረት አግኝቼ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንደ ገና ልቅመሰው» አልኋቸው። ፈገግ ብለው ገበቴውን መለሱልኝ። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ምሬቱን አስቀድሜ ስላወቅሁት ከበስተኋላው ያለውን ጣዕም ለመስማት ጊዜ አገኘሁ፤ ቅርፊቱ ተጠብሶ ይንኮሻኮሻል፣ ፍሬው ቀስ ብሎ ይጣፍጣል፣ ቅቤው ምሬቱን ያባብለዋል። ሦስተኛውን ማንም ሳይለኝ አነሣሁ። ሴቶቹም በእጃቸው የቀረውን ቅቤ ክንዳቸውን እየተቀቡ ሳቁብኝ።

ያን ጊዜ እማማ የመጋረጃውን ነገር አጫወቱኝ። ቀድሞ ምጣዱን የሚጥዱት ከፊተኛው ክፍል፣ በደንበኛው ፊት ነበር። አንድ ቀን ከከተማ የመጡ ወጣቶች ገብተው ቡና ቀላ ሲበላ ባዩ ጊዜ ተሳሳቁ። አንደኛው አንድ ፍሬ ቀምሶ ተፋው፤ ሌላው ደግሞ ይህን በስልኩ ቀረጸው። እማማ በዚያን ዕለት ማታ መጋረጃውን ሰቀሉ።

«እኔን ቢስቁብኝ ግድ የለኝም» አሉ። «የተሳቀው በዱዓው ላይ ነው።»

ልጅቱም በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ማኪያቶ ስትሠራ እጅዋ የሠለጠነ ነው፤ ወተቱን ከቡናው ለይታ በረድፍ ታስቀምጠዋለች። «አንቺስ ቡና ቀላ መሥራት ትችያለሽ?» ብዬ ብጠይቃት ራስዋን ነቀነቀች። ጫፉን መንከስ እንኳ አልተማረችም። ከመጋረጃው ፊት የምትሠራ ስለ ሆነች ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን የሚያስተምራት አላገኘችም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንደሚባለው፣ ያልቀመሰችውን ምግብ ቢጠፋባትም አትፈልገውም።

ጧት ጮጬ ላይ «ለቡናችን ጠባቂ አለው» ብዬ የተደሰትሁት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ዛፉ በእውነት ጠባቂ አለው፤ ዘሩ ተቈጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ ታጥሮ ይጠበቃል። ቡና ቀላ ግን የተመዘገበበት መዝገብ የአንዲት አሮጊት እጅ ነው። ይህም በጮጬና በአጋሮ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ሐረር የቡና ቅጠል ተቆልቶ የሚፈላው ቁጢ አለ። ወደ ደቡብ ምዕራቡ ደን ሲዘለቅም ቅጠሉን ከልዩ ልዩ ቅመም ጋራ አፍልቶ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ከአገራችን ቡና ገሚስ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ራሳችን ነን እያልን እንኮራለን፤ ነገር ግን ከአንዱ አሠራር በቀር ሌላውን የቀመስን ስንቶቻችን ነን?

ማኪያቶን ለመንቀፍ አይደለም። ያ ማሽን የእማማን ቤት ያስተዳድራል፤ ልጅቱንም ያስተምራል። ባዕድ የነበረው በርበሬ የቤት ልጅ ከሆነ ማኪያቶም ቢሆን ያለ ጥርጥር ይሆናል። የእኔ ነገር አዲሱ ሲገባ አሮጌው ወደ ጓዳ ለምን ይባረራል ነው።

ሒሳብ

ለመሄድ ስነሣ ሒሳብ ጠየቅሁ። ልጅቱ ማኪያቶውንና ፓስቲውን ደመረች፤ ገንፎውንና ብርዙን ጨመረች፤ ከዚያ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችና ወደ አያትዋ ዞራ «የቡና ቀላውን ስንት ልበለው?» አለች።

እኔም የተማረ ሰው ምክር ለመስጠት ቸኩዬ «እማማ፣ ሰሌዳው ላይ ቢጽፉትኮ መንገደኛው ሁሉ እየገዛ ይቀምሰዋል፤ ልማዱም አይጠፋም» አልኋቸው።

«ዱዓ በዋጋ ይጻፋል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። በዚያን ዕለት ለሦስተኛ ጊዜ ማፈሬ ነበር። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ግን ወደ ልጅ ልጃቸው ዞረው በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጅቱም ሄዳ ሰማያዊውን መጋረጃ ወደ ጎን ሰብስባ በምስማሩ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ከአያትዋ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና አንድ ጀንፈል አንሥታ ጫፉን ነከሰች። ምሬቱ እርስዋንም ፊትዋን አስጨመደዳት። ሁሉም ሳቁ፤ የዚህኛው ሳቅ ግን የሚያሳፍር አልነበረም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወደ አጋሮም ሆነ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ጌራም ሆነ ወደ ቦንጋ መንገድ ቢወጣልዎ፣ የለመዱትን ከማዘዝዎ በፊት «የቤቱ ሰው ምን ይበላል?» ብለው ይጠይቁ። «ለእንግዳ አይሆንም» ቢሉዎም ተስፋ አይቁረጡ። ሲቀርብልዎ ግን ሁለተኛውን ፍሬ ሳይቀምሱ አይፍረዱ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ፊትዎን የሚያይ ሰው አለና።